ሠርጉ ያልታየበት የሠርግ ፊልም

አንዲት ልጅ ከአባቷ ቤት ወጥታ ትዳር ስትመሠርት የሚተርክ ድርሰት፣ ተውኔትም ይሁን ፊልም፣ ሠርጉን ካላሳየ ምን ሊያሳይ ይችላል? ጃፓናዊው የፊልም አዘጋጅ ያሱጂሮ ኦዙ እ.ኤ.አ. በ1949 ለሕዝብ ባቀረበው «ባንሹን»፣ በአማርኛ «የጸደይ ማብቂያ» ሊባል በሚችለው ፊልም፣ ለዚህ ጥያቄ የሰጠው ምላሽ 108 ደቂቃ ይፈጃል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ሙሽራው አንዲት ጊዜ እንኳ ፊቱን አያሳይም። የጋብቻው ሥነ ሥርዓት የለም፤ ድግሱም የለም። ያለው አባትና ልጅ በአንድ ጣራ ሥር የሚያሳልፏቸው የመጨረሻ ወራት ናቸው። እነዚህም ወራት የመጨረሻ መሆናቸውን ማንም ልብ ሳይል፣ ሻይ በመጠጣት፣ ልብስ በማጠፍ፣ በባቡር በመመላለስ ያልፋሉ።

ታሪኩ በጥቂት ቃላት ይነገራል። ለቶኪዮ ቅርብ በሆነችው በካማኩራ ከተማ ሹኪቺ ሶሚያ የተባሉ የ56 ዓመት ፕሮፌሰር ከሴት ልጃቸው ከኖሪኮ ጋር ይኖራሉ። ባለቤታቸው በሕይወት የሉም። ኖሪኮ 27 ዓመት ሞልቷታል፤ በጦርነቱ ዘመን በግዳጅ ሥራና በምግብ እጦት የተጎዳው ጤናዋ ገና መመለሱ ነው። የአባቷን ቤት የምታስተዳድረው፣ የአባቷን ልብስ ተቀብላ የምትሰቅለው፣ ገበታቸውን የምታቀርበው እርሷ ናት፤ በዚህም ኑሮዋ የጎደለባት ነገር ያለ አይመስላትም። አክስቷ ወይዘሮ ማሳ ግን የልጅቷ ዕድሜ መሄዱ እንቅልፍ ነስቷቸው ሳታኬ የሚባል ወጣት ያጩላታል። ኖሪኮ አባቴን ማን ይይዝልኛል እያለች ታመነታለች። ፕሮፌሰሩ ይህን ምክንያት ሊያሳጧት ሲሉ፣ እርሳቸውም ሌላ ሚስት ሊያገቡ ማሰባቸውን በራሳቸው ንቅናቄ ያረጋግጡላታል። ነገሩ ውሸት ነው። ልጅ ግን ታምናለች፤ ትቆጣለች፤ ታለቅሳለች፤ በመጨረሻም እሺ ትላለች። አባትና ልጅ እስከ ኪዮቶ አብረው ደርሰው ይመለሳሉ፤ ልጅ ታገባለች፤ አባት ብቻቸውን ይቀራሉ።

ከካዙኦ ሂሮትሱ ልብ ወለድ መነሻውን ወስዶ፣ ድርሰቱን ከዘወትር ባልደረባው ከኮጎ ኖዳ ጋር የጻፈው ኦዙ፣ በዚህ አጽም ላይ ያለበሰው ሥጋ ከሌላው የፊልም ሰው ልማድ የተለየ ነው። ፕሮፌሰሩ ከረዳታቸው ከሃቶሪ ጋር ስለ ጀርመናዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ስለ ፍሬድሪኽ ሊስት በሚጽፉበት ጊዜ፣ የሰውዬው ስም ከሙዚቃ ደራሲው ከሊስት ስም በአንዲት ፊደል መለየቱን መዝገብ ገልጠው ያጣራሉ። በመካከል የመብራት ቆጣሪ የሚያነብ ሠራተኛ ይመጣና መቆሚያ በርጩማ ይጠይቃል። አባት ሻይ አምጪልን ብለው ይጣራሉ። እንዲህ ያለው ትዕይንት በሌላ ደራሲ እጅ ቢገባ ታሪኩን ወደ ፊት አያራምድም ተብሎ በቀይ እስክሪብቶ የሚሰረዝ ነው። እውነትም አያራምድም። ኦዙ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ካሜራው ታታሚ በተባለው የሣር ምንጣፍ ላይ ከተቀመጠ ሰው ዐይን ከፍታ በታች ሆኖ፣ ሳይሮጥ ሳይዞር፣ እንደ አንድ የቤተሰብ አባል ተቀምጦ ያያል። ሰዎቹ ከክፍሉ ከወጡ በኋላ እንኳ እርሱ ለጥቂት ቅጽበት ይቆያል።

ይዘትና ቅርጽ አንድ ሆኑ የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው። ፊልሙን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው በዚያ ሻይና በዚያ በርጩማ ምናልባት ሊሰለች ይችላል። ለሁለተኛ ጊዜ የሚያየው ግን የመለያየቱን መቅረብ ስለሚያውቅ፣ አባት «ሻይ» ብለው በተጣሩ ቁጥር፣ ይህ ጥሪ ምላሽ የሚያገኝበት ቀን እየተቆጠረ መሆኑን ይሰማል። በፊልሙ ውስጥ ያሉት ሁለት ሰዎች ግን ይህን መስማት አይችሉም፤ የሚኖሩት አንድ ጊዜ ብቻ ነውና። ልጆቻቸው እያደጉባቸው ያሉ ወላጆች ሁሉ ያሉበት ሁኔታ ይኸው ነው፤ የመጨረሻው ሻይ ከመጨረሻው በፊት ከነበረው ሻይ በምንም አይለይም።

ኦዙ የሚመጣውን ባዶነት አስቀድሞ ሲያመለክት ደግሞ ድምፁን ከፍ አያደርግም። ሃቶሪ ሌላ ሴት ያጨ ሰው ቢሆንም ኖሪኮን ወደ ቫዮሊን ኮንሰርት ይጋብዛታል፤ እርሷ ትቀራለች። በአዳራሹ ውስጥ የምናየው የሃቶሪን ሙዚቃ ማዳመጥና ከጎኑ ያለውን፣ ባርኔጣው ብቻ የተቀመጠበትን ወንበር ነው። ያ ወንበር በፊልሙ መጨረሻ የሚመጣውን ሌላ ባዶ መቀመጫ ያስታውቃል፤ ተመልካች ግን ይህን የሚረዳው በኋላ ነው።

ለመድረክ ለሚጽፍ ሰው ከሁሉ የበለጠ ትምህርት ያለበት የኖ ተውኔት የሚታይበት ክፍል ነው። አባትና ልጅ «ካኪትሱባታ» የተባለውን ጥንታዊ ተውኔት ጎን ለጎን ተቀምጠው ይመለከታሉ። ኦዙ ትርኢቱን አያሳጥርም፤ ዝማሬው ይቀጥላል፤ ከበሮው ይመታል። አባት በአዳራሹ ማዶ ለተቀመጡት፣ ባላቸው ለሞቱባቸው ለወይዘሮ ሚዋ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ይሰጣሉ። ኖሪኮ ታያለች። አባቷን ትመለከታለች፤ ሴትዮዋን ትመለከታለች፤ አንገቷን ትደፋለች። ቃል አልተነገረም። ነገር ግን እስከዚያ ድረስ ፈገግታ ያልተለየው የሴትሱኮ ሃራ ፊት በደቂቃዎች ውስጥ ሲጠቁር፣ ልጅነት ሲያበቃ የሚታይ ይመስላል። ከአዳራሹ ሲወጡም አባቷን ጥላ መንገዱን ተሻግራ በማዶ በኩል ትሄዳለች። በዚያ ትዕይንት ሌላ ደራሲ ሁለት ገጽ ንግግር ያስገባ ነበር።

ወደ ሠርጉ ቀን እንመለስ። ኖሪኮ የሙሽራ ልብሷን ለብሳ፣ ከአባቷ ፊት ተንበርክካ ስላደረጉላት የረጅም ጊዜ እንክብካቤ ታመሰግናለች። በኢትዮጵያ ሠርግ ሙሽሮች የወላጆቻቸውን ጉልበት ስመው ምርቃት ሲቀበሉ ያየ ሰው ለዚህ ትዕይንት አስተርጓሚ አያሻውም። በዚያች ቅጽበት ዘፈኑና እልልታው ጋብ ይልና፣ እናት ዐይኗን ስትጠርግ፣ አባት ሳል ሲያበዛ ይታያል። ከዚያ በኋላ ሁለቱ መንገድ ይለያያሉ። በኢትዮጵያው ልማድ ከሠርጉ ጥቂት ቀናት በኋላ መልስ ይመጣል፤ በልጅቷ ወላጆች ቤት እንደገና ይደገሳል። ቃሉ ራሱ የሄደው መመለሱን ይናገራል፤ ልጅቷ ግን የምትመለሰው በእንግድነት ነው፤ ትናንት ታነሣው የነበረውን ሳህን ዛሬ ሌላ ሰው ያቀርብላታል። በጃፓንም ሙሽራ ወደ ወላጆቿ ቤት የምትመለስበት ልማድ አለ። ኦዙ ግን ፊልሙን ከዚያ በፊት ያቆመዋል። ሙሽራይቱና አባቷ ከወጡ በኋላ አክስቲቱ የተረሳ ዕቃ እንዳይኖር ክፍሉን አንድ ጊዜ ዞር ብለው ያያሉ፤ ከዚያም መስተዋቱና ከፊት ለፊቱ ያለው ባዶ መቀመጫ ብቻ ይቀራሉ። ኖሪኮን ከዚያ ወዲያ አናያትም።

እስከዚህ የተነገረው ሁሉ ምስጋና ነው። ነገር ግን ፊልሙ የሚያስነሣው አንድ ከባድ ጥያቄ አለ፤ የአባት ውሸት። ፕሮፌሰሩ ልጃቸውን ለመዳር ሲሉ ሐሰት መናገራቸውን ፊልሙ እንደ መሥዋዕትነት ያቀርበዋል፤ አብዛኛው ተመልካችም እንዲሁ ይቀበለዋል። ልብ ብሎ ለሚያስብ ግን ውሸቱ ዋጋ ያስከፈለው አባትን ብቻ አይደለም። ኖሪኮ በአባቷ ቤት የቀሯትን ወራት የምታሳልፈው በቅናት፣ በቁጣና ተከዳሁ በሚል ስሜት ነው። ከሁሉ ይበልጥ ሊከበሩ የሚገባቸውን ቀናት የመረዙት አባት ናቸው። እውነቱን ነግረዋት ቢሆንስ? ልጄ፣ ብቻዬን መቅረት ያስፈራኛል፤ ነገር ግን ያንቺ ሕይወት ከእኔ ሊረዝም ይገባዋል ቢሏት ኖሮ፣ ምናልባት ልጅቷ እንቢ ትል ይሆናል። ይህም መብቷ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 በሥራ ላይ የዋለው የጃፓን ሕገ መንግሥት ጋብቻ በሁለቱ ተጋቢዎች ፈቃድ ብቻ እንደሚመሠረት ደንግጎ ነበር፤ ፊልሙ የተሠራውም አገሪቱ በአሜሪካ ጦር አስተዳደር ሥር በነበረችበት፣ የፊልም ድርሰት በሳንሱር ያልፍ በነበረበት ዘመን ነው። ሕጉ ለልጅቷ የሰጠውን ፈቃድ፣ አክስት በልመና አባት በውሸት ይወስዱባታል። ሙሽራው በፊልሙ ውስጥ መልክ የሌለው መሆኑም ከዚህ አንጻር ሌላ ትርጉም ይሰጣል። ስለ እርሱ ከሚነገሩት አንዱ የአፉ አካባቢ አሜሪካዊውን ተዋናይ ጋሪ ኩፐርን ይመስላል የሚል ነው። ልጅቷ የምትዳረው ለአንድ ሰው ሳይሆን «ጊዜው ነው» ለሚል አስተሳሰብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ኦዙ ይህን አላየም ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። በኪዮቶ አንድ ሌሊት፣ አባት እንቅልፍ ሲወስዳቸው፣ ኖሪኮ ጣራውን እያየች ፈገግ ትላለች፤ ካሜራው በጨለማው ውስጥ ያለ አንድ የአበባ ማስቀመጫ ያሳያል፤ ወደ እርሷ ሲመለስ ዐይኗ እንባ ሞልቷል። ስለዚህ ማስቀመጫ ብዙ ተጽፏል፤ አሜሪካዊው ፖል ሽሬደርም እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው መጽሐፉ መንፈሳዊ ትርጉም ሰጥቶታል። ማስቀመጫው የምንም ነገር ምልክት ሳይሆን አንድ ሰው ብቻውን እንዲያለቅስ የተሰጠው ጊዜ ነው ቢባል ግን ይበልጥ ያስኬዳል። በኋላ ሻንጣ ሲያሰናዱ ኖሪኮ እንዳሉ አብረው መኖር እንደምትፈልግ፣ ከዚህ የበለጠ ደስታ እንደማይታያት ትናገራለች። አባት በሰጡት ረጅም ምላሽ ደስታ ተጠብቆ የሚመጣ ሳይሆን ሁለት ሰዎች በዓመታት የሚሠሩት መሆኑን ያስረዳሉ። ለዚህም የሚያቀርቡት ማስረጃ አስደንጋጭ ነው። እናትሽም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደስተኛ አልነበረችም፤ በወጥ ቤት ጥግ ስታለቅስ ብዙ ጊዜ አግኝቻታለሁ ማለታቸው ነው። አባት ይህን የሚያነሡት ልጃቸውን ለማጽናናት ነው። ኦዙ ግን ቃሉን በአፋቸው ሲያኖር፣ ተመልካች የሟቿን እንባ እንዲያስታውስ መንገድ ከፍቶለታል። ፊልሙ ከአባትየው ይልቅ ብልህ ነው።

የመጨረሻው ትዕይንት የታወቀ ነው። አባት የኖሪኮን ጓደኛ አያን ይዘው መጠጥ ቤት ይቀመጡና፣ ስለ ጋብቻቸው የተናገሩት በሕይወታቸው ከዋሹት ሁሉ ትልቁ መሆኑን ይናዘዛሉ። ወደ ቤት ይመለሳሉ። ልብሳቸውን የሚቀበል የለም። ይቀመጡና ፖም ይልጣሉ፤ ልጣጩ ሳይበጠስ እየረዘመ ይወርዳል፤ ይወድቃል፤ እጃቸው ይቆማል፤ አንገታቸው ይደፋል። ኦዙ በዚህ ቦታ ተዋናዩ ቺሹ ርዩ ድምፁን አውጥቶ እንዲያለቅስ ፈልጎ ነበር። ርዩ ይህን ማድረግ እንደማይችል ተናገረ፤ ኦዙም አላስገደደውም። በወቅቱ 45 ዓመት ያህል የነበረው ይህ ተዋናይ ከራሱ ዕድሜ ዐሥር ዓመት የሚበልጥ ሰው ሆኖ የተጫወተው ያለ ብዙ ቅባትና ያለ ሰው ሠራሽ ሽበት ጋጋታ፣ በአንገትና በእጅ ዝግታ ብቻ ነው። ለቅሶው ቢጨመር ኖሮ ፖሙ ይረሳ ነበር።

ኦዙ ሚስት አላገባም፤ ልጅም አልነበረውም። እናቱ እ.ኤ.አ. በ1962 እስከሞቱ ድረስ ከእርሳቸው ጋር ኖሯል፤ እርሱም በ1963 በ60ኛ የልደት ቀኑ ዐርፏል። ልጁን የሚድር ወላጅን ታሪክ ግን ደጋግሞ ሠርቶታል። እ.ኤ.አ. በ1960 «አኪቢዮሪ» በተባለው ፊልሙ አባትን በእናት ለውጦ ያንኑ ነገር እንደገና አነሣ። ባሏ የሞተባት እናትና ለአቅመ ትዳር የደረሰች ልጅ አብረው የመጨረሻ ጉዞ ያደርጋሉ። በዚህ ጊዜ እናትየው አትዋሽም፤ ሌላ ባል እንደማታገባ፣ ብቻዋን ለመኖር መቁረጧን ለልጇ በግልጽ ትነግራታለች። ልጅም አውቃ ትሄዳለች። እናት ከሠርጉ በኋላ ወደ ጸጥተኛው ቤቷ ተመልሳ ልብስ ታጥፋለች፤ ትቀመጣለች፤ በፊቷ ላይም ፈገግታ የሚመስል ነገር ይታያል። ተዋናይዋ ሴትሱኮ ሃራ ናት።