ዜማው ሲጀምር ገጸ ባሕርዩ የት ሄደ?

በሙዚቃዊ ተውኔት አዳራሽ ተመልካቹ ለማይገባው ሲያጨበጭብ ማየት ያበሳጫል። ድምፁ ያማረ ሁሉ «ጎበዝ ተዋናይ» ይባላል። ዜማ መጠበቅ፣ ቃለ ተውኔት ማጥናት፣ ቃልን አጥርቶ መናገር የሙያው ደጃፍ ናቸውና አያስመሰግኑም። መታየት ያለበት ንግግሩ አልቆ ዜማው የሚጀምርባት ቅጽበት ናት። ደካማ ተዋናይ እዚያች ላይ ገጸ ባሕርዩን ጥሎ ይወጣል፤ ከተጣላው ሰው ፊቱን አዙሮ ለአዳራሹ ይዘፍናል፤ ዘፈኑ ሲያልቅ ጠቡን ካቆመበት ይቀጥላል።

ለአርሲ ሰው ምሳሌው ቅርብ ነው። በአርቦዬ ትምህርት ቤት መድረክም ሆነ በአሰላ አዳራሽ፣ ሲንቄዋን ይዛ ጠብ ልታበርድ የወጣች እናትን የምትጫወት ተዋናይ እናስብ። ሲንቄ ሴት ልጅ ስትዳር የምትቀበለው፣ ሴቶች ይዘውት ሲወጡ ጠበኛ የሚገታበት በትር ነው። ሙዚቃው ሲጀምር ተዋናይቷ እንደ ጭፈራ ዘንግ ካወዛወዘችው፣ ድምፅዋ የቱንም ያህል ቢጥም እናቲቱ ከመድረኩ ጠፍታለች። በጠበኞቹ መሃል ቆማ፣ ዓይኗን ከእነሱ ሳትነቅል ከዘፈነች ግን ዘፈኑ ራሱ እርቅ ያወርዳል። ሕጉ ይህ ነው፦ ዘፈኑ ቢወጣ ታሪኩ ምንም የማይጎድልበት ከሆነ፣ ተዋናዩ ዘፍኗል እንጂ አልተወነም።

«አዝማሪስ ለታዳሚው አይደል የሚዘፍነው?» የሚል አይጠፋም። አዝማሪ በራሱ ስም ቆሞ ከታዳሚው ግጥም ይቀበላል፣ ይመልሳል፤ ታዳሚው የጨዋታው ተካፋይ ነው። ተዋናይ ግን የሌላ ሰው ሕይወት ተበድሮ ቆሟል፤ ብድሩን በዘፈን መሃል መጣል አይችልም። «ሁለቱን ሙያ ከአንድ ሰው መጠበቅ ግፍ ነው» የሚለውም አያሳምንም። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅርም ሆነ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ተውኔትንና ሙዚቃን በአንድ ጣሪያ ሥር ያኖሩ ቤቶች ናቸው። በብሔራዊ ቴአትር የሠራችው አስናቀች ወርቁ ተዋናይም የክራር ድምፃዊም ነበረች፤ በክራር ዘፈኖቿም ቃሉ ከንግግር ብዙ አይርቅም፣ የሚያደምጣት ሰው ፊት ለፊቷ የተቀመጠ ይመስላል። እሷ ሁለቱን ከቻለች፣ የዛሬው ወጣት «እኔ ድምፃዊ ነኝ፣ ትወናውን እለፉኝ» የሚልበት ምክንያት የለም። ደግሞም ድምፅ በዕድሜ ይደክማል፤ የመድረክ ሰውን እስከ ሽምግልና የሚያቆየው ትወናው ነው።

ስለዚህ ዘፈኑ እንዳለቀ አታጨብጭቡ። ተዋናዩ ቀጥሎ የሚናገራትን የመጀመሪያ ቃል ጠብቁ። ዘፈኑ የለወጠው ሰው ቃል ከሆነች አጨብጭቡለት፤ ካልሆነች እጃችሁን ሰብስቡ።