አንጀት ፊኛ ሲሆን

ቀዶ ሐኪሙ ቀጭኑ አንጀት ከትልቁ ጋር ከሚገናኝበት ቦታ ተነሥቶ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይለካል። ያችን የመጨረሻ ክፍል አይነካትም። ቫይታሚን ቢ12 እና የሐሞት ጨው ወደ ሰውነት የሚመለሱት በዋናነት በእሷ በኩል ነው፤ እሷ ከተወሰደች ሰውየው ከሽንት ፊኛ ካንሰሩ ቢተርፍም ደም ማነስና ተቅማጥ ሊከተሉት ይችላሉ። ከእሷ በላይ ካለው ግን ከ54 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር የሚሆን አንጀት ከነደም ሥሩ ይለያል፤ ለምግብ የቀረውን ጫፍና ጫፉን መልሶ ይገጥመዋል። በተለየው ቁራጭ ከእንግዲህ ምግብ አያልፍም። ፊኛ ሊሆን ነው።

ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ በስዊዘርላንድ በርን ከተማ ያበጁት ኡርስ ስቱደር ናቸው። ካንሰሩ የሽንት ፊኛውን ጡንቻ ዘልቆ ሲገባ ፊኛውን በሙሉ ማውጣት አንዱ ዋና ሕክምና ነው። ከዚያ በኋላ ሽንቱ ሆድ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ወደ ተለጠፈ ከረጢት ሊወርድ ይችላል፤ ብዙ ሰው እንደዚያ በደህና ይኖራል። የበርኑ ሥራ ግን ሽንቱ በቀድሞ ቦታው ተጠራቅሞ በቀድሞ በሩ እንዲወጣ የሚያደርግ ነው።

አሁን መቀሱ። አንጀትን ይዞት የሚኖር ስስ መጋረጃ አለ፤ ደም ሥሮቹ እንደ ማራገቢያ ተዘርግተው በእሱ በኩል ይመጣሉ። ስለዚህ ከቁራጩ የታችኛው 40 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚሰነጠቀው መጋረጃው በተያያዘበት ወገን ሳይሆን በተቃራኒው ጀርባ ላይ ነው። እጅጌ በስፌቱ ተተርትሮ ሲዘረጋ እንደሚሆነው ሁሉ ቱቦው ጠፍጣፋ ጨርቅ ይሆናል። ጨርቁ መሐሉ ላይ እንደ ፈረስ ኮቴ ይታጠፍና ጎን ለጎን የመጡት ሁለቱ ጠርዞች ይሰፋሉ፤ ከዚያ የታችኛው እጥፋት ወደ ላይ ተመልሶ ይዘጋል። ከረጢት ሆነ።

ስፌቱን ጠጋ ብሎ ማየት ደስ ይላል። አንድ ንብርብር ብቻ ነው፣ ሳይቆረጥ የሚሄድ። መርፌው የውጩን ሽፋንና ጡንቻውን እየያዘ፣ ልስልሱን የውስጥ ገጽ ወደ ውስጥ እየሰደደ ያልፋል። ክሩ በጊዜው ሟሙቶ የሚጠፋ ዓይነት ነው፤ የማይሟሟ ክር ሽንት ውስጥ ከቀረ ጠጠር ይሠራበታል።

መሰንጠቁ ለምን አስፈለገ? ስሌቱን ወረቀት ላይ መሥራት ይቻላል። የውስጥ ስፋቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ የ40 ሴንቲ ሜትር ቱቦ 200 ሚሊ ሊትር እንኳ አይሞላም። ያንኑ ግድግዳ ምንም ሳይጨመርበት ድቡልቡል ብናደርገው ከ500 በላይ ይይዛል። ሌላው ምክንያት የአንጀት ጠባይ ነው። አንጀት ገፊ ነው፤ ዙሪያውን የከበበው ጡንቻ እየተኮማተረ ያገኘውን ሁሉ ወደፊት ይነዳል። እንዳለ ፊኛ ቢደረግ ሽንቱን ሳይፈለግ እየገፋ ሰውየውን ያረጥበው ነበር። ተሰንጥቆ ተጣጥፎ ሲሰፋ ግን አንዱ ወገን ሲኮማተር ሌላው ይላላል፤ ግፊቱ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ይህን መርህ ቀድመው ያሳዩት የስዊድኑ ኒልስ ኮክ ናቸው።

እኔ አብልጬ የምወደው ግን ያልተሰነጠቀውን ክፍል ነው። የላይኛው 20 ሴንቲ ሜትር ያህል እንደ ቱቦ ይተዋል፤ ከኩላሊት የሚወርዱት ሁለቱ የሽንት ቱቦዎች እሱ ላይ ይሰፋሉ። ቀደም ሲል ሽንት ወደ ኩላሊት እንዳይመለስ ተብሎ አንጀቱ ወደ ራሱ ውስጥ እየተቀለበሰ ከባድ የሆነ የመዝጊያ ሥራ ይሠራ ነበር። በርን ላይ 70 ታማሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው አንዱን ወገን በመዝጊያ፣ ሌላውን በተራ ቱቦ ሠሩለት። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1996 ታተመ፤ እየጠበበ የሽንቱን መንገድ ያስቸገረው ይበልጡን መዝጊያው ነበር። ያልተሰነጠቀው አንጀት ወደ ታች የመግፋት ጠባዩን ስላልተወ ኩላሊቱን ራሱ ይጠብቃል። ከታች ጠላት የነበረው ግፊት እዚህ ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ። ምንም ነገር ሳይጨምሩ፣ ያለውን በቦታው በመተው ብቻ እንዲህ ያለ መፍትሔ ማግኘት አንጀት አርስ ነው።

በከረጢቱ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀዳዳ ይከፈትና በስድስት ስፌት ከሽንት መውጫው ጋር ይያያዛል። ቀዳዳው ጠፍጣፋ ወለል ላይ መሆን አለበት። እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ ከሾለ ይታጠፍና መንገዱን ይዘጋል።

እዚህ ላይ ሐኪሙ እጁን ይታጠባል፤ ፊኛው ግን ገና አላለቀም። መጀመሪያ የሚይዘው 120 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። የማስፋቱ ሥራ የታማሚው ነው። ለጊዜው ሽንቱን የሚያወጣለት ቀጭን ቱቦ ከተነሣለት በኋላ ቀንም ሌሊትም በየሁለት ሰዓቱ ይሸናል፤ ከዚያ ሦስት ሰዓት፣ ከዚያ አራት ሰዓት መታገስ ይለማመዳል። አንጀት እንደ ፊኛ «ሞላሁ» ብሎ ከእንቅልፍ ስለማይቀሰቅስ ማንቂያ ደወል አጠገቡ ያስቀምጣል። ሲሸናም ይቀመጣል፤ ታችኛውን ጡንቻ ያላላል፣ ሆዱን በቀስታ ይጫናል። አንጀት የመምጠጥ ልማዱን ስለማይተው ከሽንቱ አሲድ ወደ ደም ይመለሳል፣ ጨው ደግሞ ይወጣል፤ ስለዚህ ታማሚው ምግቡ ላይ ጨው ይጨምራል፣ በቀን ከ2 እስከ 3 ሊትር ይጠጣል፣ በየዕለቱ ሚዛን ላይ ይወጣል፣ ሲያስፈልግም ባይካርቦኔት ይወስዳል።

ስቱደርና ባልደረቦቻቸው የ20 ዓመት ሥራቸውን ሲገመግሙ 482 ታማሚዎችን ቆጥረዋል። ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ቀኑን ደረቅ ሆነው ይውሉ ነበር፤ ሌሊት ግን ቁጥሩ ዝቅ ይላል። የሌሊቱን ነገር ሳይሸፋፍኑ መጻፋቸው የሥራቸው ጥንቃቄ ክፍል ይመስለኛል።

ከወራት በኋላ መለኪያው ጣሳ 450፣ አንዳንዴም 500 ሚሊ ሊትር ያሳያል። ሽንቱ ውስጥ ነጭ ዝልግልግ ነገር ይንሳፈፋል፤ አንጀቱ ምግብ ለማሳለፍ ያመነጨው የነበረው ማለስለሻ ነው፤ ዛሬም ያመነጨዋል።