የቀዳሚነት ዋጋ፤ ስለ አምስተኛው ትውልድ የስልክ መረብ አጀማመር የቀረበ ሒስ

የቴሌ ዋና መሥሪያ ቤት በሚገኝበት በቸርችል ጎዳና የሚመላለስ ሰው ሁሉ ባለፉት ዓመታት አንድ ቃል ደጋግሞ ሰምቷል፤ ይኸውም «ቀዳሚ» የሚለው ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ግንቦት 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ፋይቭ ጂ የሚባለውን መረብ በአዲስ አበባ ለሙከራ ሲከፍት፣ አገራችን ከአፍሪካ ግንባር ቀደሞች ተርታ ገባች ተባለ። በኛው ተማሪዎች መካከልም ይህንኑ አሳብ እንደ ተፈጸመ ማስረጃ አድርጎ የሚያቀርብ አይጠፋም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ደስታውን ለመንፈግ ሳይሆን አሳቡን ለመመርመር ነው። አዲስ መረብ ቀድሞ መዘርጋት ለዘርጊው ምን ያተርፍለታል? ለተጠቃሚውስ?

በመጀመሪያ የሌሎችን ታሪክ እንመልከት፤ ዘመኑን ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር እናደርገዋለን። በጃፓን ኤን ቲ ቲ ዶኮሞ የተባለው ኩባንያ ሦስተኛውን ትውልድ በ1994 ዓ.ም. ከዓለም ቀድሞ ከፈተ። ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ ስልኮች ትልልቆች፣ ባትሪያቸውም ቶሎ የሚያልቅ ስለ ነበረ ደንበኛው በአሮጌው መረብ ላይ መቆየትን መረጠ። ቴሊያሶኔራም በታኅሣሥ 2002 ዓ.ም. በስቶክሆልምና በኦስሎ አራተኛውን ትውልድ ሲጀምር፣ ለመረቡ የሚሆን የእጅ ስልክ ገና ስላልነበረ አገልግሎቱ ከኮምፒውተር ጋር በሚሰካ መሣሪያ ብቻ ይሰጥ ነበር። በአፍሪካም አምስተኛውን ትውልድ ለገበያ ቀድማ የከፈተችው በ2010 ዓ.ም. ትንሿ ሌሶቶ ናት፤ ይሁን እንጂ በዚህ ምክንያት ሌሶቶ የአህጉሩ የኢንተርኔት መናኸሪያ ስትሆን አላየንም። ቀዳሚው ያልበሰለ መሣሪያ በውድ ዋጋ ይገዛል፤ ተከታዩ የበሰለውን በርካሽ ያገኛል።

ወደ አገራችን እንመለስ። ቴሌፎን ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ፣ ሐረርንና አዲስ አበባን ባገናኘው 477 ኪሎ ሜትር መስመር ነው። በዚያ ጊዜ ከብዙዎች ቀድመን ነበር ቢባል ሐሰት አይሆንም። ነገር ግን የእጅ ስልክ የመጣው በ1991 ዓ.ም. ነው፤ አራተኛው ትውልድም በመጋቢት 2007 ዓ.ም. ሲጀመር ለአዲስ አበባ ብቻ ነበር። እንግዲህ አንድ ጊዜ መቅደም ሁልጊዜ ለመቅደም ዋስትና አልሆነም።

በ2014 ዓ.ም. ለተደረገው ጥድፊያ ምክንያቱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሳፋሪኮም በግንቦት 2013 ዓ.ም. 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ፈቃድ አግኝቶ ነበር፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ ሥራ ጀመረ፣ መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ በይፋ ተመረቀ። የፋይቭ ጂ ሙከራ የተከፈተው ተወዳዳሪው ሊመጣ አራት ወር ሳይቀረው መሆኑ የአጋጣሚ ነገር አይመስለኝም። በዚህ አላማርርም፤ ለመቶ ዓመት ያህል ብቻውን የሮጠ መሥሪያ ቤት የሌላ ሰው ኮቴ ሰምቶ ቢፈጥን ለኛ ይበጃል። ብቻ ይህ የገበያ መከላከያ እንጂ የሥልጣኔ መለኪያ አለመሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

የዚህ መረብ ጠባይ ደግሞ መታወቅ አለበት። አምስተኛው ትውልድ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀምበት ከፍ ያለ የሞገድ ድግግሞሽ ብዙ መረጃ ይሸከማል፤ ሩቅ ግን አይደርስም፣ ወፍራም ግንብም ያደክመዋል። ስለዚህ አንቴናዎቹ ተቀራርበው መተከል፣ እያንዳንዱም ብዙ መረጃ መሸከም በሚችል መስመር መያያዝ አለበት። የሚቀበለው ስልክም ለዚሁ የተሠራ መሆን አለበት፤ ዋጋውን ደግሞ ስልክ ሊገዛ ሱቅ ለሱቅ የዞረ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል።

ሆኖም የቀዳሚነትን ጥቅም ፈጽሞ መካድ ስሕተት ነው። ተቃራኒው ምሳሌ እዚያው ቸርችል ጎዳና ላይ ይገኛል፤ ይኸውም ቴሌብር ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ተጀመረ። ሳፋሪኮም ግን መጀመሪያ የተሰጠው ፈቃድ የገንዘብ አገልግሎትን ስላላካተተ፣ ሌላ 150 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ኤም-ፔሳን በኢትዮጵያ የጀመረው በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ነው። በዚህ የሁለት ዓመት ልዩነት ቴሌብር ከ30 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች አፍርቷል። ልዩነቱ ከምን መጣ? ገንዘብ የምልክለት ሰው ቴሌብር ካለው እኔም ቴሌብር እይዛለሁ፤ ባለሱቁም እኛን አይቶ ይከተላል፤ እያንዳንዱ ገቢ ቀጣዩን ይስባል። ፈጣን ኢንተርኔት ግን እንዲህ ያለ ገመድ የለውም። ነገ ሌላው ኩባንያ በተሻለ ዋጋ ቢያቀርበው ደንበኛው ሲም ካርዱን ለውጦ ይሄዳል፤ ጓደኛውን ማስከተልም አያስፈልገውም። የቀደመው እንዲጸና ያደረገው እንግዲህ የደንበኞች እርስ በርስ መተሳሰርና የሕጉ አጥር እንጂ የጊዜ መቅደም ብቻ አልነበረም። «ቀዳሚ» የሚለው ቃል ለሁለቱም በአንድነት ሲነገር ይህ ልዩነት ይሸፈናል።

አሳቡን ከወሬ ወደ ጥናት ለመለወጥ አስቸጋሪ አይደለም። ከኛ መካከል አምስት ወይም ስድስት ተማሪዎች የተለያየ ዋጋ ያላቸው ስልኮች ይዘው፣ ከማዘጋጃ ቤት ተነሥተው ቸርችልን በእግር እየወረዱ እስከ ለገሃር ድረስ በየመቶ ሜትሩ የትኛው ስልክ የትኛውን ትውልድ እንደሚይዝና በምን ፍጥነት እንደሚሠራ ይመዝግቡ፤ ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ማታም መንገዱ ሲሞላ አንድ ጊዜ። በክረምት ዕረፍት ወደየአገራቸው የሚሄዱት ደግሞ ይህንኑ በወረዳ ከተማቸው ይድገሙት።