የሣራ ሣቅ ከግጥሞቻችን ለምን ጠፋ?

ባለፉት ሦስት እትሞች ስለ እርጅና የተጻፉ አምስት ግጥሞች አንብበናል። በአምስቱም አሮጊቷ ታለቅሳለች፤ ሽማግሌው ምርኩዙን ተደግፎ ወደ አገሩ አቅጣጫ ያያል፤ በመጨረሻም ሞት ይመጣል። ቤት አመታታቸው ያስመሰግናል። ይሁን እንጂ ከአረጋውያኑ አንድም የሚሥቅ የለም። ገጣሚዎቹ ሣቅ ኀዘንንም እምነትንም የሚያቃልል መስሏቸው እንደ ሆነ፣ በዚህ አንስማማም።

ከኦሪት ዘፍጥረት እንጀምር። አብርሃም በመቶ፣ ሣራ በዘጠና ዓመታቸው ልጅ እንደሚወልዱ ሲነገራቸው ሁለቱም ሣቁ። ሣራ በድንኳኑ ደጃፍ ሆና የሣቀችው በገዛ ገላዋና በሽማግሌው ባሏ ነው። ስትጠየቅ ፈራችና ካደች። መካዷም አላዋጣትም፤ መሣቋ በግልጽ ተነገራት፤ የተስፋው ቃል ግን አልተነሣባትም። ልጁ ሲወለድ ይስሐቅ ተባለ፤ ትርጉሙም «ይሥቃል» ማለት ነው። የተራኪው ጥበብ እዚህ ላይ ነው፤ በምዕራፍ 18 የጥርጣሬ የነበረው ሣቅ በምዕራፍ 21 የደስታ ይሆናል።

መጽሐፈ መክብብም በምዕራፍ 12 እርጅናን እንደ እንቆቅልሽ ያቀርባል፤ ጥርሶችን በፈጪ ሴቶች፣ ዓይኖችን በመስኮት በሚመለከቱ ሴቶች ይመስላል። ፈጪዎቹ ቁጥራቸው አንሶ ሥራ መፍታታቸውን አንብቦ ፈገግ ያላለ፣ ሰሙን ይዞ ወርቁን ስቷል። ያው ምዕራፍ ግን ሞትን አይደብቅም።

በአገራችን አለቃ ገብረ ሐናን ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በቀልዳቸው ብቻ ነው። እርሳቸው ግን የአቋቋም ሊቅ ነበሩ፤ የተክሌ አቋቋም የሚጠራው በልጃቸው ስም ነው። በማኅሌት ላይ መቋሚያ የደከመውን ካህን ይደግፋል፤ ዜማውም ሲወረብ ከፍ ዝቅ ይላል። በግጥሞቻችን ያለው ምርኩዝ ግን ደግፎ ከማቆም በቀር ሌላ አያውቅም።

በመምህራን ማሠልጠኛ ስናስተምር ዕጩ መምህራኑን «አስቀድማችሁ ያያችሁትን ጻፉ» እንላቸው ነበር። ታዲያ እዚህ ምን አየን? በቅርቡ ውኃ ወረፋ ላይ አንዲት እናት ጀሪካናቸውን አስቀመጡና፣ «እኔ ደርሻለሁ፤ ጉልበቴ ገና መንገድ ላይ ነው፤ እባካችሁ ወረፋ ያዙለት» አሉ። ሰልፉ በሙሉ ሣቀ። ተራቸው ሲደርስ አማትበው ጀሪካኑን አነሡ። እኚህ እናት ልጃቸው የት እንደ ወደቀ እስከ ዛሬ አልሰሙም፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ቀልዳቸው ኀዘናቸውን አልሻረውም፤ ኀዘናቸውም ቀልዳቸውን አልነጠቃቸውም። እኚህ እናት በየትኛው ግጥማችን ውስጥ አሉ?

በአረጋውያን ላይ ይሣቅ ማለታችን አይደለም፤ ያ ነውር ነው። የምንለው፣ እነርሱ ራሳቸው የሚሥቁትን ሣቅ አትንፈጓቸው ነው። ሣራ ፈርታ ሣቋን ካደች፤ ገጣሚዎቻችን ደግሞ የአረጋውያኑን ሣቅ እየካዱባቸው ነው።

ካኩማ እ.ኤ.አ. በ1992 ሲቋቋም አራስ የነበረ ዛሬ ከሠላሳ ዓመት አልፎታል። እኛም በዚያው ዕድሜ ላይ ነን፤ ሽበት ጀምሮናል። አገራችን ሳንገባ ማርጀት ሊደርስብን ይችላል። እንግዲህ እርጅናን እንደ ሞት ዋዜማ ብቻ የሚያሳየን ግጥም ለነገ ስንቅ አይሆነንም። የሚመጣው እትም ገጣሚ ሆይ፣ ብዕርህን ከማንሣትህ በፊት አንድ ቀን ማለዳ ውኃው ወረፋ ላይ ቁም።