ዜሮው ከየት መጣ? ቋሚዎችን ተለዋዋጭ ስለ ማድረግ ዘዴ አቀራረብ የቀረበ ሂስ

በዲፈረንሺያል እኩልዮሽ የመማሪያ መጻሕፍት ዘንድ ቋሚዎችን ተለዋዋጭ የማድረግ ዘዴ የተለመደ አቀራረብ አለው። በመጀመሪያ የቀኝ ወገኑ ዜሮ የሆነው እኩልዮሽ ሁለት መፍትሔዎች፣ ሀ እና ለ፣ ይገኛሉ፤ ቋሚ ቁጥሮቹም በሁለት ያልታወቁ ፋንክሽኖች፣ መ እና ሠ፣ ይተካሉ። ከዚያም ተ = መ·ሀ + ሠ·ለ የተባለው ድምር ዴሪቬቲቭ ሲወሰድ፣ «ሥራውን ለማቅለል» መ′·ሀ + ሠ′·ለ = 0 ይሁን ተብሎ ይታለፋል። ቀመሩ በሳጥን ውስጥ ይሰፍራል፤ መልመጃው ይከተላል።

የአቀራረቡ ዓቢይ ጉድለት «ለማቅለል» በምትለው ቃል ላይ ነው። አስተዋይ ተማሪ ይህን ዜሮ ማን ፈቀደው ብሎ ይጠይቃል፤ በዚሁ መንገድ የሠለጠነው መምህርም «ሕጉ ነው» ከማለት በቀር የሚመልሰው የለውም። በመሠረቱ ግን ያልታወቁት ፋንክሽኖች ሁለት፣ የተሰጠው እኩልዮሽ አንድ ስለሆነ፣ አንድ ተጨማሪ ሁኔታ ለመምረጥ ነጻነት አለ። ይህ በሁለት ዓረፍተ ነገር የሚነገር ነገር ነው።

ከሌሎች ይልቅ ዜሮ የተመረጠበትን ምክንያት ደግሞ የዘዴው ታሪክ ያስረዳል። ሌዎናርድ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1748 ጁፒተርና ሳተርን አንዱ የሌላውን ጉዞ እንዴት እንደሚያውክ ሲመረምር ጅምሩን አሳየ፤ ጆሴፍ ሉዊ ላግራንዥም ከ1808 እስከ 1810 ባለው ጊዜ የመጨረሻ መልኩን ሰጠው። አንድ ፕላኔት በፀሐይ ስበት ብቻ ቢጓዝ ምሕዋሩ የማይለወጥ ኤሊፕስ በሆነ ነበር። ሌሎች ፕላኔቶች ስለሚስቡት የኤሊፕሱ ቋሚዎች ቀስ በቀስ ይለወጣሉ፤ ሆኖም በእያንዳንዱ ቅጽበት የፕላኔቱ ቦታም ሆነ ፍጥነት ከዚያ ቅጽበት ኤሊፕስ ጋር አንድ ነው። ዜሮው የሚለው ይህንኑ ነው፤ ተ′ = መ·ሀ′ + ሠ·ለ′፣ ልክ መ እና ሠ ያልተለወጡ ይመስል። ይህን የተረዳ ተማሪ ቀመሩን ቢረሳ እንኳ ራሱ ያወጣዋል።

ያልተረዳው ምን እንደሚያጋጥመው ቀ²ተ″ − 2ተ = ቀ³ በሚለው ጥያቄ ይታያል። ሀ = ቀ²፣ ለ = 1/ቀ ናቸው። ቀመሩ የተ″ ኮኤፊሸንት 1 እንዲሆን ስለሚሻ አስቀድሞ ሁሉንም በቀ² ማካፈል ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ የቀኙ ወገን ቀ፣ መልሱም ቀ³/4 ይሆናል። በሳጥኑ ብቻ የሚተማመን ግን ቀ³ን እንዳለ አስገብቶ ቀ⁵/18 ያገኛል። ይህን መልሶ በእኩልዮሹ ቢተካው ቀ⁵ እንጂ ቀ³ እንደማይወጣ ባየ ነበር፤ ማረጋገጥን ግን መልመጃው አይጠይቀውም።

የመልመጃዎቹም ምርጫ ያስተቻል። የቀኝ ወገናቸው ፖሊኖሚያል ወይም ኤክስፖኔንሺያል የሆነ፣ ኮኤፊሸንቶቻቸውም ቋሚ የሆኑ ጥያቄዎች ሲበዙ፣ ተማሪው የመልሱን ቅርጽ በመገመት በአጭሩ ስለሚፈታቸው ይህን ዘዴ ረጅም ዙሪያ ጥምጥም አድርጎ ይቆጥረዋል፤ አይፈረድበትም። ተ″ + ተ = ሴካንት ቀ የመሰለ፣ ግምት የማይደርስበት ጥያቄ ቀድሞ መምጣት ነበረበት። እዚህ ሀ ኮሳይን ቀ፣ ለ ሳይን ቀ ሲሆኑ፣ መ′ የታንጀንት ቀ ተቃራኒ፣ ሠ′ ደግሞ 1 ይሆናል። ስለዚህም ሠ ራሱ ቀ ነው፤ መ የኮሳይን ቀ ፍጹም ዋጋ የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ነው። በመልሱ ውስጥ ሎጋሪዝም መግባቱን ከጥያቄው መልክ ተነሥቶ የሚገምት ተማሪ አይገኝም።