«ሥሮች» የተባለው መጽሐፍና የዘር ሐረግ ማስረጃ

አሜሪካዊው ደራሲ አሌክስ ሄሊ በ1976 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር «ሥሮች» የተባለውን መጽሐፍ ባሳተመ ጊዜ፣ ከራሱ ጀምሮ ሰባት ትውልድ ወደ ኋላ ቈጥሮ፣ ጋምቢያ ውስጥ ከምትገኘው ከጁፉሬ መንደር መድረሱን ገልጦ ነበር። መጽሐፉ በሚከተለው ዓመት ልዩ የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። እኛ ልንመረምረው የሚገባን ግን ዝናውን ሳይሆን የማስረጃውን ጥንካሬ ነው።

የምርመራው መነሻ የሚመሰገን ነው። ሄሊ በዋሽንግተን ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የ1870ን የሕዝብ ቈጠራ ሲመረምር፣ በሰሜን ካሮላይና በአላማንስ አውራጃ ብረት ቀጥቃጩን ቶም መሪን ከነቤተ ሰቡ ተመዝግቦ አገኘው። ከአያቱ አፍ የሰማው ስም በመዝገብ ተረጋገጠለት። ከዚያ ወደ ኋላ ግን መንገዱ ይጠባል። በ1850 እና በ1860 ቈጠራዎች ባሮች በጌታቸው ስም ሥር በዕድሜ፣ በጾታና በቀለም ተቈጠሩ እንጂ፣ ከጥቂቶች በቀር ስማቸው አልተጻፈም። ስለዚህ ተመራማሪው የጌታውን ኑዛዜ፣ የውርስ ክፍያና የሽያጭ ውል መመርመር ግድ ይሆንበታል።

የሄሊ ሥራ የደከመው በዚህ በኩል ነው። ኩንታ ኪንቴ በ1767 «ሎርድ ሊጎኒየር» በተባለችው መርከብ አናፖሊስ ደርሶ፣ በኋላ ቶቢ ተባለ ይለናል። ጋሪ ሚልስና ኤልሳቤጥ ሚልስ ግን በ1981 ባወጡት ጥናት፣ የዎለር ቤተ ሰብ ባሪያ የነበረው ቶቢ መርከቢቱ ከመድረሷ በፊት በቨርጂኒያ መዛግብት ተጽፎ እንደሚገኝ አስረዱ። የጁፉሬው ተራኪም እንግዳው ምን ሊሰማ እንደ መጣ አስቀድሞ ዐውቆ እንደ ነበር ኋላ ተገልጧል። ተራኪው የጠያቂውን ፍላጎት አስቀድሞ ካወቀ ቃሉ የገደል ማሚቶ ይሆናል እንጂ ምስክርነት አይሆንም።

«ስሙን የነፈጉትን ሕዝብ ወረቀት አምጣ ማለት ግፍ ነው» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ግፉ እውነት ነው። ነገር ግን በመዝገብ የሚገኘው ቶቢም ራሱን የቻለ ሰው ነበረ፤ የሌላውን ታሪክ ስናለብሰው የእርሱን ሕይወት ሁለተኛ ጊዜ እናጠፋበታለን። ሄሊ ራሱም መጽሐፉ እውነትና ፈጠራ የተቀላቀለበት መሆኑን አልካደም። እንግዲህ ስለ አፍሪካ የተጻፈውን ክፍል እንደ ልብ ወለድ እናንብበው፤ ለምርምራችን አርአያ የሚሆነን ግን ቶም መሪን ከመዝገብ ያገኘው ሄሊ ነው።