ገንዘብና አንደበት፦ ስለ ምርጫ ወጪ ጣሪያ የቀረበ ሂስ

«ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» የሚለውን ተረት አባቶቻችን የተናገሩት የዓለሙን ጠባይ ሲታዘቡ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976 (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በበክሊና በቫሌዮ ክርክር ላይ በሰጠው ውሳኔ፣ ለእጩዎች የሚሰጠውን መዋጮ መገደብ ቢፈቅድም፣ ለቅስቀሳ የሚወጣውን ወጪ መገደብ ግን የመናገርን ነጻነት እንደሚጥስ በየነ። በ2010 ደግሞ ኩባንያዎችና የሠራተኛ ማኅበራት በራሳቸው ገንዘብ ያለ ገደብ እንዲቀሰቅሱ በር ከፈተ። ብሪታንያ በአንጻሩ ከ1883 ጀምሮ የእጩዎችን ወጪ በጣሪያ ወስና ኖራለች። በእኛ አስተያየት የብሪታንያው መንገድ ይሻላል። ይሁን እንጂ ጣሪያ መኖሩ ብቻውን ለፍትሕ ዋስትና አይሆንም፤ ማንኛውም የገንዘብ ገደብ ሊመዘን የሚገባው አቅሙ አነስተኛ ለሆነው ተናጋሪ ምን እንደሚተውለት በማየት ነው።

ለዚህ አብነት የሚሆነን የወይዘሮ ፊሊስ ቦውማን ጉዳይ ነው። ጽንስ ማስወረድን የሚቃወም ማኅበር ይመሩ የነበሩት እኒህ ሴት፣ በ1992 ጠቅላላ ምርጫ ዋዜማ በሃሊፋክስ የምርጫ ክልል የእጩዎቹን አቋም የሚገልጽ 25,000 ያህል በራሪ ጽሑፍ እንዲሠራጭ አደረጉ። የ1983 የምርጫ ሕግ፣ ያለ እጩው ፈቃድ ለዚህ ዓይነት ቅስቀሳ ከ5 ፓውንድ በላይ ማውጣትን ወንጀል አድርጎት ነበር። ሎንዶን ውስጥ በሰዘርክ ፍርድ ቤት ተከሰው ቀረቡ፤ ክሱ የጊዜ ገደቡን ያለፈ ስለ ነበር በ1993 ነጻ ተለቀቁ። እርሳቸው ግን አቤቱታቸውን ወደ ስትራስቡርግ ወሰዱ፤ የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤትም በ1998 በ14 ድምፅ ለ6 መብታቸው ተጥሷል ሲል ፈረደ። የማኅበሩን ዓላማ መደገፍም ሆነ መቃወም ለዚህ ፍርድ አግባብ የለውም። በ5 ፓውንድ አንድ የምርጫ ክልል የሚያዳርስ ጽሑፍ ማሳተም አይቻልም፤ እንዲህ ያለው ጣሪያ የተራውን ዜጋ አንደበት ይዘጋል። ፓርላማውም በ2000 ጣሪያውን ወደ 500 ፓውንድ አሳደገው።

ይኸው ፍርድ ቤት በ2013፣ የፖለቲካ ማስታወቂያ በራዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተላለፍ የሚከለክለውን የብሪታንያ ሕግ በ9 ድምፅ ለ8 አጸና። ሁለቱን ፍርዶች የሚያጋጩ አሉ፤ እኛ ግን በአንድ ሚዛን የተለኩ ሆነው እናገኛቸዋለን። በኋለኛው ጉዳይ ከሳሹ ማኅበር ጋዜጣው፣ አደባባዩና በራሪ ጽሑፉ ክፍት ነበሩለት፤ ለቦውማን የቀረላቸው ግን ከምንም የማይቆጠር ነበር።

ይህ ሁሉ የባዕድ ሙግት መስሎ የሚታየው አንባቢ ቢኖር፣ በ2009 የወጣውን የአገራችንን የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ያስታውስ። ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ ምንጭ የሚያገኝ ድርጅት ስለ ሰብዓዊና ዴሞክራሲያዊ መብቶች እንዳይሠራ ከለከለ። «የውጭ ምንጭ» የሚለው ትርጓሜ በውጭ አገር የሚገኝን ማንኛውንም ሰው ስለሚያጠቃልል፣ ኢትዮጵያዊ ከሎንዶን የሚልከው ፓውንድ ጭምር የባዕድ ገንዘብ ሆነ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤና የኢትዮጵያ ሕግ ባለሙያ ሴቶች ማኅበር የባንክ ሒሳባቸው ታገደ፤ ሥራቸውም ክፉኛ ተዳከመ።

«ብሪታንያስ የውጭ ገንዘብ ትከለክል የለምን?» የሚል ተከራካሪ ይነሣ ይሆናል። እውነት ነው፤ የ2000 ሕግ ፓርቲዎች ከ500 ፓውንድ በላይ የሆነ ስጦታ ከግለሰብ የሚቀበሉት ሰጪው በመራጮች መዝገብ ላይ ሲገኝ መሆኑን ይደነግጋል። ነገር ግን መዝገቡ ላይ የሰፈረ ብሪታንያዊ በባዕድ አገር ቢኖርም መስጠት ይችላል። ከዚህም በላይ ያ ሕግ የሚያስረው ሥልጣን ለመያዝ የሚወዳደረውን ነው። የእኛው አዋጅ ያሰረው ሥልጣን ሳይሻ ስለ ተበደለ ሰው የሚመሰክረውን ነበር። ሁለቱን አንድ አድርጎ መቁጠር የቃል ተመሳሳይነት ያመጣው ስሕተት ነው።

አዋጁ በ2019 በአዋጅ ቁጥር 1113 ተሽሯል፤ ያስከተለው አመክንዮ ግን አልተሻረም። «ገንዘቡን እንጂ ንግግሩን አልከለከልንም» የሚል ሕግ አውጪ ነገም ይነሣል። ንግግር ከገንዘብ ይለያል፤ ሆኖም ወረቀቱ፣ ማተሚያውና የቢሮው ኪራይ ያለ ገንዘብ አይገኙም። ስለዚህ የወጪ ጣሪያን የምንደግፍ ሁሉ፣ ጣሪያው በባለጠጋው ራስ ላይ የተሠራ መሆኑን ሳናረጋግጥ ፊርማችንን ማኖር አይገባንም።